ጣና ዳር ቤት ለሚሠሩና ለሚገዙ፦ ቦታን፣ ፍሳሽን፣ ግድግዳንና ግቢን አነጻጽሮ ለመምረጥ

በባሕር ዳር ቤት ለመሥራት ወይም ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን፣ ቀጥሎ ካርታውን፣ ከዚያም የመንገዱን ቅርበት ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ በዚህች ከተማ የሚቆም ማንኛውም ቤት ከጣናና ከገባሮቹ የሚወስደው ነገር እንዳለ ሁሉ ወደ እነርሱ የሚልከውም ነገር ስላለ፣ ከዋጋውና ከካርታው ጋር አብሮ ሊመዘን የሚገባው ሌላ ሒሳብ አለ። ይህ ጽሑፍ ያንን ሒሳብ ለመሥራት የሚረዳ ንጽጽር ሲሆን፣ የተጻፈውም በማኅበር ተደራጅተው ቦታ ላገኙ፣ ከሪል እስቴት አልሚ ቤት ለሚገዙ፣ እንዲሁም በሐይቁ ዳርቻ ሎጅ ለማልማት ለሚያስቡ ሰዎች ነው።

አስቀድሜ ግልጽ ላደርገው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ስለ አካባቢ የሚጨነቁ ቤት ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ግድግዳው ከብሎኬት ይሁን ከድንጋይ ወይስ ከጭቃ በሚለው ላይ ነው፤ ቤቱ የት እንደሚያርፍና ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ የሚለውን ግን ለደላላውና ለግንበኛው ይተዉታል። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ለጣና ከሁሉ የሚከብደው ቦታው ነው፤ ቀጥሎ ፍሳሹ፣ ከዚያ አሸዋውና ግድግዳው፣ በመጨረሻም ግቢው ይመጣል። ቦታው አንዴ ከተበላሸ ግድግዳው የቱንም ያህል ቢያምር የሚክሰው ነገር የለም።

ምክንያቱን ለመረዳት የሐይቁን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ፣ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታም 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከዳርቻው የሚገባው ጭቃና ቆሻሻ ወደማይታይ ጥልቀት ሰምጦ አይቀርም፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር እየተማሰ ይመለሳል። በዚህ ውሃ ውስጥ ዓሣ አስጋሪዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት ወገን አሥራ አምስት ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናንና አካባቢውን በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት ስፍራ አድርጎ፣ የመዘገበው ለዚህና ለመሰል ሀብቶች ነው። እንግዲህ እዚህ የሚሠራ ቤት ሌላ ከተማ ከሚሠራ ቤት የበለጠ ጥንቃቄ ቢጠየቅበት አይበዛበትም።

ቦታ፦ የሐይቁ ጠርዝ፣ የከተማው ዳር ወይስ የከተማው መሐል

በተግባር ለገዢ የሚቀርቡት ቦታዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከሐይቁ ወይም ከዓባይ ጠርዝ አጠገብ ያለ፣ ብዙ ጊዜም ረግረግ የነበረና በገረጋንቲ የተሞላ መሬት ነው። ሁለተኛው እንደ ዘንዘልማ፣ ሰባታሚትና መሸንቲ ባሉ አቅጣጫዎች ከተማዋ እየሰፋችበት ያለ የእርሻ መሬት ነው። ሦስተኛው ደግሞ በነባሩ ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ገዝቶ ማደስ፣ በላዩ ፎቅ መጨመር ወይም አፓርታማ መግዛት ነው።

የመጀመሪያው በእይታው ይማርካል፤ ጠዋት መስኮት ሲከፈት ሐይቁንና የደሴት ገዳማቱን ማየት የማይወድ ሰው የለም። ሆኖም ረግረግ ባዶ መሬት አይደለም። ከከተማውና ከማሳው የሚወርደው የክረምት ጎርፍ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የያዘውን ደለል ያራግፋል፤ ደንገሉና ፊላውም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ንጥረ ነገር ይመገባሉ። የዓሣ ጫጩቶች ከትልልቆቹ የሚሸሸጉት፣ ወፎች ጎጆ የሚሠሩት፣ ጉማሬዎችም ሌሊት ለግጦሽ የሚወጡት በዚያው በኩል ነው። ገረጋንቲ ሲደፋበት ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ በጋ ይቆማል። ጎርፉ ግን አይቆምም፤ ከነደለሉ በቀጥታ ሐይቁ ይገባል፣ ካልሆነም ጎረቤት ቤት ይገባል።

ለባለቤቱም ቢሆን የሚያዋጣ አይደለም። የጣና ውሃ ከፍታ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወጣል ይወርዳል፤ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ ሲሆን ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው። የአካባቢው ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ውሃው ሲሸሽ የሚጋለጠውን መሬት ባሕር ሸሽ ብሎ ይጠራዋል፤ ይዘራበታል እንጂ ቤት አይሠራበትም። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውሃ ክፉኛ ወርዶ መርከቦች መንቀሳቀስ ባቃታቸው ጊዜ ብዙ የሐይቅ ወለል ታርሶ ነበር፤ ውሃው ግን ኋላ ተመልሶ መሬቱን ወሰደ። ለመኖሪያ የሚሰጥ የሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት የሚደርስ እንደመሆኑ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ውሃው ዛሬ በታየበት መስመር ይቆማል ብሎ ገንዘብ ማፍሰስ ከባድ ስሕተት ነው። ስለሆነም ቦታውን በግንቦት አይተው አይዋዋሉ፤ በመስከረም ተመልሰው ይዩት፤ አንድ ሜትር ያህል ጉድጓድ አስቆፍረውም ውሃ ያቁር እንደሆነ ይፈትኑ። ሙሌት ስር የተደበቀ ረግረግ በአጥሩ ጥግ በተረፈ ፊላ፣ ቡናማ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ባለው ጥቁር አፈር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአካባቢው ባደጉ ሽማግሌዎች ቃል ይታወቃል።

ሁለተኛው ምርጫ፣ ማለትም በከተማው ዳር ያለው ደረቅ መሬት፣ ለሐይቁ ከመጀመሪያው እጅግ ይሻላል፤ ያለ ዕዳ ግን አይደለም። የሚወሰደው ሰብል የሚበቅልበት አፈር ነው፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ሰፈርም መንገድ፣ የውሃ ቧንቧና የመብራት መስመር መዘርጋት አለበት፤ ይህም ተጨማሪ ድንጋይ፣ አሸዋና ብረት ማለት ነው። በእነዚህ ማሳዎች ድንበር ላይ የቆሙት ዋርካዎችና ዋንዛዎች የአካባቢው ዕፅዋት ቅሪቶች ስለሆኑ፣ ሽንሻኖውን የሚያወጣው ባለሙያ ዛፎቹን በጋራ ቦታ ወይም በመንገድ ዳር እንዲያስቀራቸው ማኅበሩ ከመጀመሪያው ቢጠይቅ ብዙ ይተርፋል። ዶዘር ከገባ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው፣ ነባሩን ቤት ማደስ ወይም በጋራ ሕንጻ መኖር፣ በሀብት አጠቃቀም ከሁሉ የላቀ ነው። መሠረቱ ተቆፍሯል፤ መንገዱ ተሠርቷል፤ በአንድ ቪላ ቦታ ላይም ስምንት ወይም አሥር ቤተሰብ ጣሪያና ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል። ሰው ግቢ፣ ለበዓል በግ የሚታረድበት ቦታና ለእንግዳ የሚዘረጋ ድንኳን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ይህን ፍላጎት የሚያቃልል ሐሳብ የለኝም። ሆኖም የአሥር ቤተሰብ ፍሳሽ በአንድ ጉድጓድ ሲሰበሰብ ችግሩም አሥር እጥፍ ሊሆን ስለሚችል፣ አፓርታማ የሚገዛ ሰው ከሳሎኑ ስፋት በፊት ሊያየው የሚገባው የፍሳሹን ንድፍ ነው።

የእኔ ሚዛን እንግዲህ ይህ ነው፦ አቅምና ፍላጎት ከፈቀዱ የከተማው መሐል ይቅደም፤ ካልሆነ ደረቁ የከተማ ዳር ይሁን፤ የተሞላ ረግረግ ግን በርካሽም ቢሆን ለመኖሪያ አይገዛ።

ፍሳሽ፦ ብዙ ያልተነገረለት ምርጫ

አብዛኛው የባሕር ዳር ቤት ፍሳሹን የሚይዘው በራሱ ግቢ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። እኛ ቤታችንን ስንሠራ ግንበኛው የሴፕቲክ ታንኩን ወለል አርማታ ሳያፈስበት ተወው፤ ምክንያቱን ስጠይቀው «እንዲሰርግና ቶሎ እንዳይሞላ ነው» አለኝ፤ እኔም ብልኅነት መስሎኝ ዝም አልኩ። በቀጣዩ ክረምት የጎረቤታችን የጉድጓድ ውሃ መሽተት ጀመረ። ወለሉን አስጠርገን አርማታ ብናስገባበትም፣ የእነዚያ ሰዎች ውሃ የጠራው ከብዙ ወራት በኋላ ነበር። ያን ጊዜ የተረዳሁት፣ ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም የሚለው ውዳሴ በእኛ ከተማ የሚያስደነግጥ እንጂ የሚያስደስት ዜና አለመሆኑን ነው፤ የማይሞላ ጉድጓድ የያዘውን ለሌላ እየሰጠ ነውና።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። በብዙ ሰፈር አፈሩ ስስ ሲሆን ከስሩ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ አለ። ወፍራም አፈር ፍሳሽን ያጣራል፤ ስንጥቅ ድንጋይ ግን እንደ ቧንቧ ያስተላልፈዋል። በክረምት ደግሞ ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ስለሚመጣ የጉድጓዱ ወለል በቀጥታ በውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ሴፕቲክ ታንክ ጠጣሩን ያስቀራል እንጂ በፍሳሹ ውስጥ የሟሟውን ናይትሮጂንና ፎስፈረስ አብዛኛውን ያሳልፈዋል፤ እነዚህም የእምቦጭ ምግብ ናቸው። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በብዛት የተንሰራፋው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ትልልቆቹ ወንዞች ከማሳ ያጠቡትን አፈርና ማዳበሪያ በሚያፈሱበት በኩል ስለሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በባሕር ዳር ቤቶች ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። ነገር ግን የደቡቡ የባሕረ ሰላጤ ውሃ የሚቀበለው የእኛን ፍሳሽ ነው፤ ዓባይም ጉዞውን የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

አማራጮቹን ስናነጻጽር፣ ተራው ደረቅ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውሃ ስለማይጠቀም በደረቅና ከፍ ባለ ቦታ፣ ወለሉ ከክረምቱ የከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍ እስካለ ድረስ፣ ከሚታሰበው ያነሰ ጉዳት አለው። በረባዳ ቦታ ግን ከሁሉ የከፋው እርሱ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ያለው፣ ወለሉና ግድግዳው የተለሰነ ሴፕቲክ ታንክ ከነማስረጊያው ወፍራም ቀይ አፈር ባለበት ሰፈር ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ማስረጊያውም ጥልቅ ከሚሆን ይልቅ ጥልቀት የሌለው ረዥም ቦይ ቢሆን ፍሳሹ ሥሮችና ሕይወት ባለው የላይኛው አፈር ውስጥ ያልፋል። ሙሉ በሙሉ የታሸገና በፍሳሽ ቦቴ የሚነሣ ታንክ ለሐይቁ ቅርብ በሆነ ቦታ የግድ ነው፤ ወጪው ግን በየጊዜው የሚመላለስ ሲሆን፣ ቦቴው የጫነውን የሚደፋው የት እንደሆነ ካልተጠየቀ ችግሩ ከግቢ ወደ ወንዝ መዛወሩ ብቻ ይሆናል።

አራተኛው አማራጭ ከሁሉም ይልቅ ለዚህ ቦታ የተፈጠረ ይመስለኛል። ከሴፕቲክ ታንክ የሚወጣው ውሃ ወለሉ በታሸገ፣ ጠጠር በተሞላና ደንገል ወይም ፊላ በተተከለበት አልጋ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ውሃው ከጠጠሩ በታች ስለሚሄድ አይሸትም፣ ትንኝም አያረባም፤ በጠጠሩ ላይ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያንና የተክሉ ሥሮች ከረግረጉ የተማሩትን ሥራ ይሠራሉ። ለአንድ ሰው ከ2 እስከ 5 ካሬ ሜትር ስለሚያስፈልግ፣ ስድስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ ከ12 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ150 ካሬ ቦታ ላይ ይህ ከባድ ነው። ለሎጅ፣ ለአፓርታማ ወይም ጎን ለጎን ለሠሩ የማኅበር አባላት ግን የጋራ አልጋ መሥራት ይቻላል፤ ሃያ ቤት ሃያ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት አንድ ስብሰባ ቢያደርግበት የሚቆጭ አይመስለኝም። ቦታው የጠበበበት ሰው ቢያንስ የመታጠቢያውንና የልብስ ማጠቢያውን ውሃ ከመጸዳጃው ለይቶ ወደ ሙዝ ተክል ቢመራው ታንኩ የሚሸከመው ውሃ በእጅጉ ይቀንሳል።

አሸዋና ግድግዳ

ስለ ግድግዳ ሲወራ ስሚንቶ መነሣቱ ተገቢ ነው። ተፈጭቶ ስሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ፣ ክሊንከር፣ አንድ ቶን ሲመረት ከ0.8 እስከ 0.9 ቶን የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል፤ የዓለም ስሚንቶ ምርትም ከሰው ልጅ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ለጣና ግን ከስሚንቶው ይልቅ የሚቀርበው አሸዋው ነው። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ሰባት ያህሉ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉ ገባሮች ሽቅብ እየዋኙ፣ ንጹሕና አየር የበዛበት ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ሲዛቅ እንቁላሉ የሚያርፍበት ወለል ይነሣል፤ የሚደፈርሰው ውሃም የቀረውን ያፍነዋል። የሳሎናችን ልስን ከዓሣው መራቢያ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ያሰበ ቤት ሠሪ ብዙ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ሦስት ነገር ይለምዱ፦ አሸዋው ከየት ወንዝ እንደወጣ ይጠይቁ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የተዛቀ አሸዋ አይግዙ፣ የሚያስፈልግዎትንም በበጋ ያከማቹ፤ ለአርማታና ለብሎኬት ደግሞ ከድንጋይ ወፍጮ የሚወጣ የተፈጨ አሸዋ ካገኙ እርሱን ያስቀድሙ።

ብሎኬት ፈጣን ነው፤ ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለፎቅም ከአርማታና ከፌሮ ጋር የሚሄደው እርሱ ነው። ስሚንቶና አሸዋ መፍጀቱ ግን አይቀርም፤ ጥራቱ ከአምራች አምራች ስለሚለያይም ግማሹ ሳይገነባ የሚሰበርበት ጊዜ አለ፤ ይህም የተጣለ ስሚንቶ ነው። የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ለመሠረት ተወዳዳሪ የለውም። ለሙሉ ግድግዳ ሲሆን ውፍረቱ ብዙ ቦታ ይወስዳል፤ በስሚንቶ ከተገነባም የሚበላው ቡኬት ቁጠባውን ያሳንሰዋል። የጎንደር አብያተ መንግሥት በኖራ ተገንብተው ዘመናትን መሻገራቸው ስሚንቶ ብቸኛው ማያያዣ እንዳልሆነ ያስታውሰናል።

የጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። አጠናው ከባህር ዛፍ ተክል፣ ጭዱ ከጤፍ አውድማ፣ አፈሩ ከግቢው ስለሚመጣ፣ በሀብት ቁጠባ እርሱን የሚስተካከል የለም። ጠላቶቹ እርጥበትና ምስጥ ናቸው፤ በግማሽ ሜትር የድንጋይ መሠረት ላይ ከቆመ፣ ጣሪያው ወደ ውጭ ሰፋ ብሎ ከከደነውና በየጥቂት ዓመቱ ከታደሰ ግን ዕድሜ ይሰጣል። በእንጨትና በጭቃ የቆሙት የዘጌ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ለዚህ ምስክር ናቸው። በመካከል ያለው ምርጫ ከ5 እስከ 10 በመቶ ስሚንቶ ተደባልቆበት በማሽን የሚጨመቅ የአፈር ብሎኬት ነው፤ እንደ ሸክላ ጡብ ማገዶ አይፈልግም፣ እንደ ተራ ጭቃም በዝናብ አይታጠብም። ለዚህ የሚስማማው ቀዩ አፈር ነው፤ ጥቁሩ ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አይሆንም። አፈርዎን ለመፈተን የጠርሙስ ሲሶ አፈር ይጨምሩና በውሃ ሞልተው ይነቅንቁት፤ ሲረጋ አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከመካከል፣ ሸክላው ከላይ ይደረደራል። ሸክላው ከሲሶ በላይ ከሆነ ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

ለአንድ ፎቅ አልባ ቤት ድንጋይ መሠረትና የአፈር ብሎኬት ግድግዳን እመርጣለሁ፤ ለባለ ፎቅ ደግሞ ብሎኬትን። ይሁንና ከየትኛውም ምርጫ በላይ የሚቆጥበው የቤቱን ስፋት መቀነስ ነው፤ በ200 ካሬ ላይ የተንጣለለ የአፈር ቤት፣ በደንብ ከታሰበበት የ90 ካሬ የብሎኬት ቤት የበለጠ ሊፈጅ ይችላል። ለበርና ለመስኮት ዋንዛ የሚመኝ ሰውም ከፈረሰ ቤት የወጣውን ፈልጎ ቢያድስ፣ ቆሞ ያለ ዋንዛ ከመቆረጥ ይድናል።

የጣሪያ ውሃ

ይህ አጭር ነው፣ ምክንያቱም ምርጫው ግልጽ ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ሁለት አሥረኛው ቢባክን እንኳ 112,000 ሊትር ይሰበሰባል። አብዛኛው የሚዘንበው በአራት ወር ውስጥ ስለሆነ ሁሉንም ማጠራቀም አይቻልም፤ ነገር ግን አሸንዳና ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ያለው አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት፣ በቀን ለአንድ ሰው 50 ሊትር ቢታሰብ፣ ዝናቡ ከቆመ በኋላ አርባ ቀን ይቆያል። የጉድጓድ ውሃ ማውጣት ከዚህ የሚመረጠው የጎረቤት ፍሳሽ ሩቅ በሆነበት ብቻ ነው።

ግቢ፦ ሣር፣ ባህር ዛፍ ወይስ የአገር ዛፍ

ግቢውን በሙሉ በስሚንቶ የሚያለብስ ሰው የክረምቱን ውሃ ወደ መንገድ ያባርራል፤ ኮብል ስቶን በአሸዋ ላይ ተነጥፎ በመካከሉ ክፍተት ቢተው ግን ውሃው ይሰርጋል። ያማረ መስክ ሣር ዓይን ያሳርፋል፤ በበጋ ግን ውሃ ይጠጣል፤ ለወፍም ሆነ ለንብ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ባህር ዛፍ በእርሻ ዳር ለአጠናና ለማገዶ ሲተከል የአገር ዛፎችን ከመጥረቢያ ይታደጋል፤ በግቢና በረግረግ ጠርዝ ግን ቦታው አይደለም።

የአገር ዛፍ ሲባል ወዲያው ዋርካ የሚታሰባቸው አሉ። ዋርካ የወፎች ማዕድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በ200 ካሬ ግቢ ውስጥ ሥሩ መሠረቱን ይፈታተናል፤ የእርሱ ቦታ አደባባይ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ነው። ለትንሽ ግቢ ግራዋ፣ ለመካከለኛ ዋንዛ ወይም ብሳና፣ ሰፋ ላለ ዶቅማና ወይራ ይስማማሉ። ለዚህ የተሻለ አስተማሪ ከከተማው ማዶ አለ። የዘጌ ሕዝብ እንደ ጥንቱ ሥርዓት ያለ በሬና ያለ ማረሻ፣ ቡናና ጌሾን በረዣዥም የአገር ዛፎች ጥላ ስር እያለማ ኖሯል፤ ደኑ የቆመውም ሰው ስለሚኖርበት እንጂ ስለራቀው አይደለም። አንድ ዋንዛ፣ በስሯ አምስት የቡና ተክል፣ በአጥሩ ዳር ጌሾ ያለበት ግቢ የዚያ ሥርዓት ትንሽ ቅጂ ነው፤ ለቤቱም ቡናና ጌሾ ይሰጣል። ለአጥር ሲባል የወፍ ቆሎን መትከል ግን ይቅር፤ ፍሬውን ወፎች በየሜዳው ስለሚዘሩት ከግቢ አልፎ ይዛመታል። ለፏፏቴና ለኩሬ ጌጥ ተብሎ የሚመጣ የውሃ አበባም በጥርጣሬ ይታይ፤ እምቦጭ በዓለም ላይ የተሠራጨው በአበባው ውበት ምክንያት በሰው እጅ ተይዞ ነው።

ከአልሚ ለሚገዙና በዳርቻው ለሚያለሙ

የሪል እስቴት ማስታወቂያዎች አረንጓዴ የሚለውን ቃል መውደዳቸው ክፋት የለውም፤ ቃሉ ምን እንደሚለካ ግን መጠየቅ አለበት። ለምሳሌ ኤጅ የተባለው የሕንጻ ምስክር ወረቀት በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃዎች ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ይጠይቃል፤ ይህ ጥሩ ነው፤ ሕንጻው ያረፈው በረግረግ ላይ መሆን አለመሆኑን ግን አይመዝንም። በእንግሊዝ ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አልሚዎች ከግንባታ በፊት የነበረውን የብዝኃ ሕይወት ዋጋ ለክተው ከ10 በመቶ ጭማሪ ጋር እንዲመልሱ በሕግ ተገድደዋል። በእኛም አገር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማ ከግንባታ መቅደም እንዳለበት ደንግጓል። ስለዚህ ከአልሚ የሚገዛ ሰው የግምገማውን ሰነድና የፍሳሹን ንድፍ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ሁለቱን ለማሳየት የሚያመነታ ሻጭና ወዲያው የሚያወጣ ሻጭ ቢገኙ፣ የካሬው ዋጋ ቢበልጥም ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

በዳርቻው ሎጅ ለሚያለማ ሰው ሦስት ዓይነት አሠራር ይታያል። አንዱ ደንገሉን ነቅሎ በድንጋይ ግንብ ዳርቻውን ያጥራል፤ እይታ ያገኛል፣ ነገር ግን ማዕበሉ ግንቡን ከስሩ ይቦረቡረዋል፣ እንግዳው ሊያየው የመጣው ወፍም ይሄዳል። ሌላው ደንገሉን ትቶ ማንም እንዳይነካው አጥሮ ይዘጋል፤ ይህ ከመጀመሪያው ይሻላል። ሦስተኛው ሕንጻውን ከውሃው ጠርዝ አርቆ ደረቅ መሬት ላይ ያቆማል፤ በደንገሉ መካከል ጠባብ የእንጨት መተላለፊያ ብቻ ያወጣል፤ የጉማሬ መውጫ ባለበት በኩል አጥር አይሠራም፣ የሌሊት መብራቱንም ወደ መሬት ያቀናል። ከዚህም ጋር ታንኳ ሠሪዎች የበሰለውን ደንገል ሥሩን ሳይነኩ እንዲያጭዱ ይፈቅዳል። ደንገል ሲታጨድ ከውሃው የመጠጠው ንጥረ ነገር አብሮት ከሐይቁ ይወጣል፤ በምትኩም አዲስ ቡቃያ ተነሥቶ እንደገና መምጠጥ ይጀምራል። ስለዚህ በታንኳ ሠሪው ላይ በር ከመዝጋት ይልቅ የማጨጃውን ወቅትና መስመር አብሮ መወሰን፣ ለሎጁም ለሐይቁም ከሦስቱ የተሻለው መንገድ ነው።